ስለ አሉሚኒየም ድስት አመራረጥ
በእድራችን ዓመታዊ ጠቅላላ ጉባኤ ላይ የተደረገ ንግግር



ከቡናው በፊት አንድ ንግግር አድርጉ ስንባል፣ የንብረት ኮሚቴዎቹ ተመካክረን ስለ ድስት ለመናገር ቆረጥን። ወንዶች ስለ ድስት ምን ያውቃሉ የምትሉ እናቶች አላችሁ፤ ልክ ናችሁ። እኛ ድስትን የምናውቀው ወጡ ሲቀርብ ነው። ይሁን እንጂ የእድሩን ዕቃ የምንገዛውም የምንረከበውም እኛ ስለሆንን፣ ሳናውቅ ገዝተን ያደረስነውን ጥፋት ሳንሸሽግ መናገር ይገባናል።

ነገሩን አብዛኞቻችሁ ታውቁታላችሁ። ባለፈው ክረምት በአንድ አባላችን ለቅሶ ቤት፣ ሁለት እኅቶቻችን ምስር ወጥ የሞላ ሰታቴ ከጉልቻው ላይ ሲያወርዱ የአንደኛው ጎን ጆሮ ተነቀለ። ወጡ ተደፋ፣ የአንደኛዋም እኅታችን እግር ተቃጠለ። ሦስት ሳምንት ሙሉ ጫማ ማድረግ አልቻለችም። ፈጣሪ ይመስገን ድናለች፣ ዛሬም መካከላችን ተቀምጣለች። ያን ሰታቴ የገዛነው እኛ ነን። ሦስት ዕቃ ቀርቦልን ዋጋው ዝቅ ያለውን መረጥን፣ ደረሰኙ ላይ ፈረምን፣ ለእድሩ ገንዘብ አተረፍን ብለንም ሪፖርት አቀረብን፤ እናንተም አጨበጨባችሁልን። ጆሮው በምን እንደተያያዘ ግን አንዳችንም ገልብጠን አላየንም።

ከዚያ ወዲህ የሚያውቅ ሰው ጠየቅን፣ ያገኘነውን አነበብን፣ በየቤታችን ያለውንም ድስት እየገለበጥን መረመርን። ባለቤቶቻችን ምን ነካችሁ እስኪሉን ድረስ ማለት ነው። ያገኘነውን ለየቤታችሁ ማድቤት እንዲጠቅም እንነግራችኋለን።

ከጆሮው እንጀምር። ድስቱን ስትገዙ መጀመሪያ ውስጡን እዩ። ጆሮው በሪቬት የተመታ ከሆነ የሪቬቱ ራስ ከውስጥ በኩል ይታያል። ለአንድ ጆሮ ሁለት ሪቬት ከሌለው ተዉት። በአንድ ሪቬት ብቻ የተያዘ ጆሮ ውሎ አድሮ ይዞራል፣ ከዞረ ደግሞ ይላላል። የእኛ ሰታቴ ሪቬትም አልነበረው፤ በሁለት ቦታ ብቻ በትንሽ ብየዳ ነካ ነካ የተደረገ ነበር። ባዶውን ሲያነሡት ምንም አይታወቅም፤ ሰው የሚጎዳው ሲሞላ ነው። ስለዚህ ሱቁ ውስጥ ሳላችሁ ጆሮውን ይዛችሁ ወደ ላይም ወደ ጎንም በኃይል ሳቡት። ባለሱቁ ቢቆጣ ይቆጣ። ቤት ያለውንም ቢሆን በየጊዜው ነካ አድርጉት፤ የሚንቀጫቀጭ ከሆነ ጠጋኝ ዘንድ ወስዶ ማስመታት ብዙ ወጪ የለውም።

ቀጥሎ ውፍረቱ ነው። አሉሚኒየም ቀላል ማዕድን ነው፤ ክብደቱ እኩል መጠን ካለው ብረት ሲሦ ያህል ብቻ ነው። ሙቀት በማስተላለፍ በኩል ደግሞ ብረትን ሦስት እጥፍ ያህል ይበልጠዋል፣ የማይዝገውን ብረትማ ከአሥር እጥፍ በላይ። ለወጥ የተወደደውም በዚህ ምክንያት ነው። ነገር ግን ይህ ጠባዩ የሚጠቅመው ወፍራም ሲሆን ነው። ወፍራሙ ሙቀቱን ተቀብሎ ወደ ዳር ያሰራጨዋል፤ ቀጭኑ እሳቱ በነካው በኩል ብቻ በቀጥታ ያሳልፈዋል። ውጤቱን እናንተ ከእኛ ይልቅ ታውቁታላችሁ፤ ቁሌቱ መሃል ላይ አርሮ ዳር ዳሩ ጥሬ ይሆናል፣ ሽሮውም ቂጡ ላይ ይይዛል። ከዚያ የሚወቀሰው ማን ነው? ድስቱ ሳይሆን ሠሪዋ። እኛም ቤት ስንት ዓመት ሙሉ ወጡ አረረ እያልን ስንነጫነጭ የኖርነው፣ ለካስ ድስቱን ራሳችን በርካሽ ገዝተን ኖሯል።

በውፍረት ረገድ ብዙ ሰው የሚታለለው በከንፈሩ ነው። ከንፈሩ ወደ ውጭ ስለሚጠቀለል ሲያዩት ወፍራም ይመስላል። እሱን ተዉትና ሁለቱን አውራ ጣቶቻችሁን ቂጡ ላይ አድርጋችሁ ተጫኑ። እንደ ቆርቆሮ እሺ ካለ ለሻይ ውኃ እንጂ ለወጥ አይሆንም። ሁለት ሚሊ ሜትርና ከዚያ በላይ የሆነ ቂጥ ለቤት ወጥ ደህና ነው። መለኪያ የሌለው ሰው አንድ ዓይነት መጠን ያላቸውን ሁለት ድስቶች ሚዛን ላይ ያውጣ፤ የከበደው ወፍራሙ ነው። ቂጡ ላይ ማስመሪያ አጋድማችሁ ደልዳላ መሆኑንም እዩ። ለከሰል ያን ያህል አያስጨንቅም፣ ለኤሌክትሪክ ምድጃ ግን ያልተስተካከለ ቂጥ መብራት ይበላል። ማግኔት የሚጠይቀው አዲሱ ኢንዳክሽን የሚባለው ምድጃ ተራውን አሉሚኒየም ጭራሽ አያሞቀውም። ልጆቻችሁ ያንን ካመጡላችሁ ድስቱም አብሮ መለወጡ ነው።

ገንዘብ ያጠረው ሰው ምን ያድርግ ለሚለው የእኛ አስተያየት፣ አምስት ስስ ድስት ደርድሮ ከመግዛት አንድ ወፍራም መካከለኛ ድስት ይሻላል። አንዱን ተበድሮም ቢሆን የገዛ ሰው ልጁ ይወርሰዋል።

አሁን ወደ ከባዱ ነገር እንምጣ። አሉሚኒየም ድስት ሁሉ አንድ አይደለም። በፋብሪካ ከዝርግ አሉሚኒየም ተጭኖ የሚወጣ አለ፤ አሮጌ ብረታ ብረት ቀልጦ በአሸዋ ቅርጽ የሚፈስስ ደግሞ አለ። መርካቶ ምናለሽ ተራ ሄዶ ያየ ሰው አሮጌው ዕቃ እንዴት አዲስ እንደሚሆን ያውቃል፤ የሠሪዎቹን ጥበብና ልፋት አንንቅም። ችግሩ በየትም አገር ቢሆን በማቅለጫው ውስጥ የገባው ምን እንደሆነ አለመታወቁ ነው። የሞተር ዕቃ፣ ራዲያተር፣ የኤሌክትሪክ ዕቃ ስብርባሪ አንድ ላይ ሲቀልጥ እርሳስ አብሮ ይገባል። እርሳስ ስንል የልጆቹን መጻፊያ ሳይሆን ማዕድኑን ነው። እ.ኤ.አ. በ2014 በካሜሩን፣ በ2017 ደግሞ ጎረቤታችን ኬንያ በነበረችበት በ10 አገሮች በተሠሩ ድስቶች ላይ የተደረገ ምርመራ ታትሟል። በሁለተኛው ከተመረመሩት 42 ዕቃዎች ሲሦ ያህሉ ለጤና የሚያሰጋ እርሳስ ወደ ምግብ እንደሚለቁ ታይቷል። እርሳስ የሕፃናትን አእምሮ ይጎዳል፤ ነፍሰ ጡርም ትጠንቀቅ። ክፋቱ በዓይን አይታይም፣ በምላስም አይታወቅም፣ አጥቦም አይለቅም።

ታዲያ ምን ይደረግ? ፊቱ ሻካራ የሆነ፣ የአሸዋ ጠባሳ ያለበት፣ የሠሪ ምልክት የሌለው የፈሰሰ ድስት ለወጥ አትግዙ። ቤት ካላችሁ እህል ይያዝበት። በመድኃኒት ፊቱ እንዲጠነክር የተደረገ፣ አኖዳይዝድ የሚባል ጠቆር ያለ አሉሚኒየም ከተገኘ ከተራው ይልቅ ወደ ምግብ የሚለቀው ያንሳል፤ ዋጋው ግን ከፍ ይላል።

አሉሚኒየሙ ራሱስ አይመርዝም ወይ ብለው የጠየቁን አሉ፤ የመርሳት በሽታ ያመጣል የሚል ወሬ ስለሚነገር። ድስት በሽታውን ማምጣቱ አልተረጋገጠም። የዓለም የጤና ድርጅትና የምግብና እርሻ ድርጅት ባለሙያዎች እ.ኤ.አ. በ2011 የወሰኑት ልክ፣ ለአንድ ኪሎ የሰውነት ክብደት በሳምንት 2 ሚሊ ግራም ነው። 60 ኪሎ ለሚመዝን ሰው 120 ሚሊ ግራም ይሆናል ማለት ነው። በደህና ድስት ማብሰል ብቻውን እዚያ አያደርስም። ቢሆንም ጎምዛዛ ነገር ድስቱን ይበላዋል። ቲማቲም የበዛበት ስልስ፣ ሎሚ ወይም ኮምጣጤ የገባበት ምግብ በአሉሚኒየም ይሠራ፣ አይደር ግን። ሲበስል ወደ ሸክላ ወይም ወደ ጠርሙስ ዕቃ ገልብጡት።

አስተጣጠቡ ላይ ከእናቶች ጋር ሳንጣላ አንቀርም። ድስቱ ውስጡ እንደ መስታወት ካላብረቀረቀ የማይሆንላችሁ አላችሁ። አሉሚኒየም አየር ሲነካው በራሱ ላይ ስስ ቆዳ ያበጃል፤ የሚጠብቀውም እሱ ነው። በሽቦና በአሸዋ ስትፈትጉት ቆዳውን ትገፉታላችሁ። አመድም እንደዚሁ ይበላዋል። ለውጪው ጥላሸት ጥቂት ብትጠቀሙበት ግድ የለም፣ ውስጡን ግን በሳሙናና በለስላሳ ጨርቅ እጠቡ። ውኃ ሲፈላበት ውስጡ የሚጠቁረው ቆሻሻ አይደለም፣ አይጎዳም። ካስጠላችሁ የተጨመቀ ሎሚ ልጣጭ ከውኃ ጋር አፍሉበት፣ ይለቃል። ጨውም ውኃው ከፈላ በኋላ ይጨመር፤ ቂጡ ላይ ተኝቶ ሲቆይ እንደ ፈንጣጣ ይበሳሳዋል።

ወደ እድሩ ዕቃ ስንመለስ፣ ያ ጆሮው የተነቀለው ሰታቴና ብጤዎቹ ሁለቱ ከአገልግሎት ወጥተዋል፤ በመዝገብም ተሰርዘዋል። በምትካቸው ለመግዛት ያሰብነው ከድሮዎቹ ይወደዳል፤ ሦስት መግዣ የሚሆነው ገንዘብ ሁለት ብቻ ይገዛል። ስለዚህ ትልቅ ለቅሶ ሲሆን አንድ ሰታቴ ከጎረቤት እድር መዋስ ይኖርብናል። ይህን የምትወስኑት እናንተ ናችሁ። በዚህ ጊዜ ብቻችንን አንፈርምም። እግሯ የተቃጠለው እኅታችን ከግዥ ኮሚቴው ጋር ገበያ ወርዳ ዕቃውን እንድታይ ጠይቀናት እሺ ብላናለች። ለናሙና ያመጣነው አንዱ በሩ አጠገብ ተቀምጧል። ቡናው እስኪፈላ ጆሮውን እየሳባችሁ እዩትና ከዚያ ድምፅ እንሰጣለን።