የእጅ አንጓ ሲሰበር፦ ሽቦ ወይስ ብረት?

አቅራቢ 1፦ እህቴ፣ ጅግጅጋ ላይ ከባጃጅ የወደቀ ሰው በመዳፉ መሬቱን ሲደገፍ አንጓው ይሰበራል። ሁሉም ታዲያ «ብረት ይግባልኝ» ይላል።

አቅራቢ 2፦ ብረት ሁልጊዜ አይበልጥም፣ ወንድሜ! በ2014 እ.ኤ.አ. የታተመ የእንግሊዝ ጥናት 461 ታካሚዎችን ይዞ ነበር። ለግማሾቹ በቆዳ በኩል ቀጭን ሽቦ፣ ለሌሎቹ በብሎን የሚታሰር ብረት ገባላቸው። ከዓመት በኋላ በእጃቸው አሠራር ጉልህ ልዩነት አልታየም። ሽቦው ደግሞ ርካሽ ነው፤ ከሳምንታት በኋላ ይነቀላል።

አቅራቢ 1፦ ብረቱስ ለማን?

አቅራቢ 2፦ መገጣጠሚያው ተሰባብሮ በመጎተት ለማይስተካከል።

አቅራቢ 1፦ እኔን ግን ከሁለቱም ይልቅ የሚያስጨንቀኝ ሆስፒታል ሳይደርስ ወጌሻ አጥብቆ ያሰረው እጅ ነው።

አቅራቢ 2፦ ከቶጎ ውጫሌ እስከ ቀብሪበያህ የምትሰሙን፣ ጣት ከደነዘዘ ወይም ከጠቆረ ማሰሪያውን ፍቱ፤ ሌሊትም ቢሆን ወደ ካራማራ ወይም ሼክ ሐሰን ያባሬ ሆስፒታል ገስግሱ።