ብርሃንና ድምፅ መሰናክል ሲገጥማቸው ስለሚሆኑት ነገር



ከፋሲሎ ተነሥቶ በታንኳ ወደ ዘጌ የሚሄድ መንገደኛ ከጫካው ዳር ሲደርስ የቤተ ክርስቲያኑን ደወል ይሰማል፤ ቤተ ክርስቲያኑን ግን አያይም። ዛፉ በመካከል ቆሞ ዓይኑን ይከለክለዋል፥ ጆሮውን ግን አይከለክለውም። ድምፅ ባለፈበት መንገድ ብርሃን ማለፍ ስለ ምን ተሳነው? ይህን ልጅ የጠየቀ እንደሆነ፥ መምህሩ «ልማዱ ነው» ብሎ እንዳያልፈው ነገሩን ከሥሩ ማወቅ ይገባዋል።

ድምፅ አየሩን እየገፋና እየለቀቀ የሚሄድ ሞገድ ነው። ብርሃንም ሞገድ ነው፤ ነገር ግን አየር ሳይሻ ባዶውን ሁሉ አልፎ ከፀሐይ ወደ ምድር ይደርሳል። የሞገድን ጠባይ ለማወቅ የሚሻ ሰው ወደ ጣና ዳር ወርዶ ይመልከት። ሞገዱ በውሃው ውስጥ የቆመ አንድ ደንገል ሲያገኝ በግራና በቀኝ ዞሮ ከኋላው ይገናኛል፥ ምንም እንዳልገጠመው ሆኖ ይሄዳል። ታላቅ ደሴት ሲያገኝ ግን ከደሴቱ ኋላ ያለው ውሃ ጸጥ ይላል። እንግዲህ ነገሩ የሚለየው የሞገዱ መጠን ከመሰናክሉ መጠን ጋር ሲመዛዘን ነው።

የወፍራም ድምፅ ሞገድ ከአንዱ ራስ እስከ ሁለተኛው ራስ አንድ ሜትርና ከዚያም በላይ ይሆናል፤ ስለዚህ ዛፉ ለድምፅ እንደ ደንገሉ ነው። የብርሃን ሞገድ ግን እጅግ ደቃቅ ስለ ሆነ በአንድ ሚሊሜትር ውስጥ ሁለት ሺህ ያህሉ ይደረደራሉ፤ ለእርሱ የዛፉ ግንድ ይቅርና ቀጭን ገመድም ደሴት ነው። ጥላ የሚባለውም ከደሴቱ ኋላ እንዳለው ጸጥ ያለ ውሃ፥ ብርሃን ያልደረሰበት ስፍራ ነው። በጥምቀት ዕለት ከሩቅ ሆኖ የሚያዳምጥ ሰው ይህን ያረጋግጣል። ከበሮው ኰረብታና ዛፍ ዞሮ ይሰማል፤ ጸናጽሉ ግን ድምፁ ቀጭን፥ ሞገዱም አጭር ነውና ቅጠሉና አየሩ ውጠውት ቀድሞ ይጠፋል።

ድምፅ ዞሮ የማያልፈው ገደል ሲገጥመው ወደ መጣበት ይመለሳል፤ ይኸውም የገደል ማሚቶ ነው። ድምፅ በአንድ ሰከንድ 340 ሜትር ያህል ስለሚሄድ፥ ጆሮም ሁለቱን ድምፅ ለመለየት የሰከንድ አንድ አሥረኛ ያህል ስለሚሻ፥ ገደሉ ቢያንስ 17 ሜትር ያልራቀ እንደሆነ ማሚቶው ተለይቶ አይሰማም። በትምህርት ቤት ክፍል ውስጥ ግን ተመላሹ ድምፅ ከፊተኛው ጋር ተደባልቆ ቃሉን ያደፈርሰዋል። የቆርቆሮ ጣራና የሲሚንቶ ግድግዳ ድምፅን ይመልሳሉ፤ የሣር ክዳንና የሰው ልብስ ግን ይመጡታል። በባዶ ክፍል የሚጮኸው ድምፅ ልጆች ጋቢያቸውን ለብሰው ሲሞሉበት የሚለዝበው ስለዚህ ነው። በቆርቆሮ ቤት የሚያስተምር መምህር ከሚጮህ ይልቅ ቀስ ብሎ ቢናገር ይሻለዋል።

አሁን ከሁሉ ይልቅ ለልጆች ነፍስ ወደሚያሰጋው ነገር እንለፍ። ብርሃን በአየር ውስጥ በሰከንድ 300,000 ኪሎሜትር ያህል ይሮጣል፤ በውሃ ውስጥ ግን ወደ 225,000 ይቀንሳል። ፍጥነቱ ሲለወጥ፥ አግድሞ የገባ እንደሆነ መንገዱ ይታጠፋል። የቀዛፊው ዘንግ በውሃ ውስጥ የተሰበረ የሚመስለው ከዚህ የተነሣ ነው። የውሃውም ወለል ወደ ላይ ከፍ ብሎ ይታያል፤ ቀጥ ብሎ ከላይ ለሚመለከት ሰው ጥልቀቱ ከአራት እጅ ሦስቱን ያህል ብቻ ይመስላል፥ ከዳር ሆኖ አግድሞ ለሚያይ ደግሞ ከዚያም ያነሰ ይመስላል። ቁመቱ 1 ሜትር ከ30 ሴንቲሜትር የሆነ ልጅ በጠራ ውሃ ላይ ጐንበስ ብሎ 1 ሜትር የሚመስል ጥልቀት አይቶ፥ «እስከ ደረቴ ነው» ብሎ ቢገባ፥ እውነተኛው 1 ሜትር ከ33 ነውና ከራሱ በላይ ይሆንበታል። ዋና የማያውቅ ከሆነ እዚያው ይቀራል። ይህን ለልጆች ለማሳየት አንድ ጣባና አንድ ሳንቲም ይበቃል። ሳንቲሙን በጣባው ውስጥ አኑሮ፥ ልጁ ከጣባው ከንፈር የተነሣ ሳንቲሙን እስኪያጣ ድረስ ወደ ኋላ ይቁም፤ ውሃ ቀስ ብሎ ሲፈስበት ሳንቲሙ ከስፍራው ሳይነቃነቅ ይታየዋል። ይህን በዓይኑ ያየ ልጅ ባሕሩን በዘንግ ሳይለካ እንዳይገባ ሲነገረው ምክንያቱን ያውቃል።

ስለ ብርሃን መታጠፍና መመለስ ከጻፉት የቀድሞ ሊቃውንት አንዱ የባስራው ሰው ኢብን አል ሀይሠም ነው፤ በ1040 ገደማ እንደ አውሮጳውያን አቆጣጠር ሞተ። የሚያስገርመው፥ እንደሚተረከው ወደ ግብፅ የተጠራው የዓባይን ውሃ ሊገድብ ነበር፤ ያም ሳይሆንለት ቀርቶ በካይሮ ሳለ ስለ ብርሃን ታላቁን መጽሐፉን ጻፈ።

ድምፅም ከአየር ወደ ውሃ ሲመጣ አብዛኛው ይመለሳል። ስለዚህ በታንኳ ላይ የሚነጋገሩ ሰዎች ዓሣውን ብዙም አያስደነግጡትም፤ ዘንጉን ከድንጋይ ጋር በውሃ ውስጥ ያጋጩ እንደሆነ ግን ድምፁ ከውሃው ውስጥ ስለ ተወለደ በሰከንድ 1,480 ሜትር ያህል እየሮጠ ይደርሰዋል።

ብርሃን በጠብታ ውስጥ ሲገባ የሚታጠፈው፥ ከጠብታው ጀርባ ተመልሶ ሲወጣም ደግሞ የሚታጠፈው በጢስ ዓባይ ይታያል። ቀዩ ጥቂት፥ ሐምራዊው ብዙ ስለሚታጠፍ ቀለሞቹ ይለያያሉ፤ ሕዝቡ የማርያም መቀነት የሚለው ይህ ነው። ሊያየው የሚወድ ፀሐይን ከኋላው፥ ጉሙን ከፊቱ አድርጎ ይቁም፤ ቀስቱም ከራሱ ጥላ 42 ዲግሪ ያህል ርቆ ይታየዋል። ነገር ግን የኤሌክትሪክ ማመንጫዎቹ ውሃውን ሲወስዱ ፏፏቴው ይቀጥናል፥ ጉሙም ያንሳል፤ ስለዚህ ልጆቹን ይዞ የሚሄድ መምህር ውሃው በሚሞላበት በክረምት ማብቂያ ቢሄድ ይመረጣል።