ልጁ በካምፕ የሠራውን ማታ ለእናቱ በአማርኛ ያሳያት



በስቶክሆልም የምትኖሩ ወላጆች፣ ዘጠነኛው ሳምንት ሲደርስ የሚይዛችሁን ጭንቀት አውቀዋለሁ። ትምህርት ቤት «ስፖርትሎቭ» ብሎ ይዘጋል፤ የእናንተ ሥራ ግን አይዘጋም። ስለዚህ ብዙዎቻችሁ ልጆቹን ቴክኖሎጂ ካምፕ ታስገባላችሁ። ደግ አደረጋችሁ። ስዊድን ፕሮግራሚንግን ከ2018 ጀምሮ በመደበኛው ሥርዓተ ትምህርት አስገብታለች። የኤሪክሰን ዋና መሥሪያ ቤት ያለበት ኪስታም ቢሆን ከሁስቢ በባቡር አንድ ፌርማታ ነው።

እኔን የሚያሳስበኝ ማታ ነው። እናት «ምን ተማርክ?» ትላለች። ልጁ የሠራውን የሚያውቀው በስዊድንኛ ነው፤ አማርኛው የለውም። «ጥሩ ነበር» ብሎ ክፍሉ ይገባል። በሳምንት አንዴ የምትሰጠው የአፍ መፍቻ ቋንቋ ትምህርት ይህን ክፍተት ብቻዋን አትሞላም።

እስቲ አንድ ነገር ሞክሩ። ትንንሽ ልጆች ኮድ ሲጀምሩ ብዙ ጊዜ የሚሰጣቸው «ስክራች» የሚባለው በኤም አይ ቲ የተፈጠረው ነፃ ፕሮግራም ነው። ከላይ ያለውን የቅንብር ማውጫ ከፍተው ቋንቋ የሚለውን ሲመርጡ የቋንቋዎች ዝርዝር ይመጣል፤ አማርኛም አለበት። ሲመርጡት ትእዛዞቹ በፊደላችን ይመጣሉ፤ ልጁ ቀን የሠራው ጨዋታም አይበላሽም። እናንተ አንብቡለት፣ እሱ ድመቷን ያንቀሳቅስ። ትርጉሙ ለጆሯችሁ ካልጣመ ደግሞ የተሻለውን ቃል ንገሩት፤ ኮዱን እሱ ያስተምራችኋል።