«ወላጅ አምጣ» ሳይባሉ የሚመጡ ወላጆች
(ለአንድ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የፀረ ኤድስ ክበብ አባላት የቀረበ ንግግር)



«ነገ ወላጅ ይዘህ ና!» ሲባል ያልሰማ እዚህ አዳራሽ ውስጥ ያለ አይመስለኝም። ሳቃችሁ ራሱ ይመሰክራል። ወላጅ ትምህርት ቤት የሚመጣው ልጁ ሲያጠፋ ብቻ የሆነ ይመስል፣ አባት ከሥራ አስፈቅዶ ይመጣል፤ ገና ምን እንደተፈጠረ ሳይሰማ «ቀጥታችሁ አስተምሩልኝ» ይላል። ታዲያ ያጠፋው ትምህርት ቤቱ ቢሆንስ?

የአንዲት እናት ታሪክ ልንገራችሁ። ነገሩ የሆነው አሜሪካ፣ ኢንዲያና ግዛት፣ ኮኮሞ በምትባል ከተማ ነው። የወይዘሮ ኋይት ልጅ ራያን ሄሞፊሊያ የሚባል፣ ደም ቶሎ እንዳይረጋ የሚያደርግ ሕመም ነበረበት። የሚታከመው ከሰው ደም በተዘጋጀ መድኃኒት ስለነበር ኤች አይ ቪ በዚያው ገባበት። እ.ኤ.አ. በዲሴምበር 1984 ኤድስ እንዳለበት ሲታወቅ 13 ዓመቱ ነበር። በ1985 ትምህርት ቤቱ «አትገባም» አለው። ቤቱ ተቀምጦ ትምህርቱን በስልክ ያዳምጥ ተባለ። በስልክ!

እናቱ ከሰሱ። ለግዛቱ ትምህርት መሥሪያ ቤትም አቤት አሉ፤ በኖቬምበር 1985 «ይግባ» ተብሎ ተወሰነ። አሁንም አልገባም። በፌብሩዋሪ 1986 የጤና ኃላፊው ለሌሎች እንደማያሰጋ አረጋገጡለት፤ ክፍል በገባበት በዚያው ቀን ግን ሌሎች ወላጆች የፍርድ ቤት እግድ አወጡበት። እግዱ የተነሳው በኤፕሪል ነው። ቁጠሩት እንግዲህ፣ ዓመቱ ሊያልቅ ነው። ያሳገዱትም እኮ ወላጆች ናቸው፤ ለልጆቻቸው ፈርተው ነው። አብሮ በመማርና በመጨባበጥ እንደማይተላለፍ ሐኪሞች በዚያን ጊዜም ይናገሩ ነበር፣ ሰሚ ጠፋ እንጂ።

በ1987 ቤተሰቡ ሲሴሮ ወደምትባል ሌላ ከተማ ሄደ። እዚያ ተማሪዎቹ ስለ በሽታው አስቀድመው ተምረው ጠበቁት፤ በመጀመሪያው ቀን እጁን ጨበጡት። ልጁ ያው ራያን፣ ቫይረሱም ያው ቫይረስ ነው። ራያን በኤፕሪል 1990 በ18 ዓመቱ አረፈ። ዛሬ ግን መድኃኒቱን በአግባቡ የሚወስድ ልጅ ተምሮ፣ ሠርቶ፣ ወልዶ ይኖራል።

ወደ እኛ አገር ልመለስ። አንዲት እናት ቢሮዬ መጥተው አነጋገሩኝ። ልጃቸው መድኃኒት ስትውጥ ታይታ ወሬው ተናፈሰ፤ መምህሩ መጨረሻ ዴስክ ላይ ብቻዋን አስቀመጣት። እናት «ልጄን ላስወጣና ሌላ ትምህርት ቤት ላስገባት፣ ወሬው እንዳይሰፋ» አሉ። ፍርሃታቸው ልክ ነው። ምስጢሩ የእነሱ ነው፤ አውጡት የሚል ማንም የለም። ስለዚህ ማመልከቻውን ስለ መቀመጫዋ ብቻ ጻፍነው፦ «ልጄ ያለ ጥፋቷ ከጓደኞቿ ተለይታ ተቀምጣለች፤ ምክንያቱ በጽሑፍ ይገለጽልኝ።» ግልባጭ ለወላጅ፣ ተማሪና መምህራን ኅብረት። ምክንያቱን በጽሑፍ ለመስጠት የደፈረ አልተገኘም፤ በሦስተኛው ቀን ልጅቷ ወደ ቦታዋ ተመለሰች። እዚያ ባያልቅ ኖሮ ወደ ወረዳው ትምህርት ጽሕፈት ቤት እንሄድ ነበር። አጠገቧ የምትቀመጥ ልጅ ለማግኘት ግን ሌላ ሦስት ሳምንት ፈጀ። ይሄኛውን በማመልከቻ ማምጣት አይቻልም፤ የእናንተ ጉዳይ ነው።

በ1987 ዓ.ም. የወጣው ሕገ መንግሥታችን በአንቀጽ 36 ሕፃናት በትምህርት ቤት ከአካል ቅጣትና ከጭካኔ አያያዝ ነፃ የመሆን መብት እንዳላቸው ይናገራል። «ቀጥታችሁ አስተምሩልኝ» ለሚሉ አባቶች ማታ አንብቡላቸው፤ ደስ ባይላቸውም ይሰማሉ።

እናንተም በደል ሲደርስባችሁ ለወላጅ ስትናገሩ አትጨምሩ። መቼ፣ ማን፣ ምን አለ፣ ማን ሰማ፤ በዚያው ቀን ደብተራችሁ ላይ ጻፉት። የራሳችሁ ጥፋት ካለም ንገሯቸው፤ እናት ርዕሰ መምህሩ ፊት ቆማ ያልሰማችውን ነገር ከሰማች ማመልከቻውም ዋጋ የለው። ሥራ አጥተው ልጅ የሚያሳድጉ፣ ማንበብ የማይችሉ ወላጆች አሉ፤ ለነሱ እናንተ ጻፉላቸው፣ እነሱ ይፈርሙ።

የማመልከቻ ናሙና ለክበባችሁ ሰብሳቢ ሰጥቻለሁ። አሁን ጥያቄ ያላችሁ እጃችሁን አውጡ። ከኋላ እንጀምር።