ከጉልበት ሥር የተሰበረ ቅልጥም

እሱ፦ ወረታ መገንጠያው ላይ ባጃጅ ሲገለበጥ፣ ፎገራ ውስጥ የሩዝ ጆንያ የጫነ ጋሪ ሲወድቅ፣ ጉልበት ሥር ያለው የቅልጥም አናት ይሰበራል። ሰው መጀመሪያ የሚሮጠው ወጌሻ ዘንድ ነው።

እሷ፦ ወንድሜ፣ እኔን የሚያስጨንቀኝ እሱ ነው። የመገጣጠሚያው ገጽ ከሰመጠ በማሸት አይመለስም። በቀርከሃ ጥብቅ አድርገው ሲያስሩት ደግሞ ደም ይታገዳል፤ እግር እስከ መቆረጥ ይደርሳል።

እሱ፦ ሐኪሙስ ምን ያደርጋል?

እሷ፦ እብጠቱ እስኪጎድል ይጠብቃል። ከዚያ የሰመጠውን ከሥር ገፍቶ ያነሳል፤ ክፍተቱን አንዳንዴ ከዳሌ በተወሰደ አጥንት ይሞላል፤ በብረትና በብሎን ያስረዋል።

እሱ፦ ይህን የሚሠራው ሐኪም ያለበት ባሕር ዳር ከወረታ ከ50 ኪሎ ሜትር በላይ ነው እኮ።

እሷ፦ አውቃለሁ። ግን የተጎጂው የእግር ጣቶች ከቀዘቀዙ ወይም ከደነዘዙ፣ ሕመሙም ከባሰ፣ ማሰሪያውን ፍቱና ሌሊትም ቢሆን ወዲያው ይዛችሁት ውጡ።