ትርፍ ሰዓት በቃል ብቻ አይቅር
(ለሠፈሩ ነዋሪዎች ስብሰባ የተደረገ ንግግር)



በገበያ ቀንና በሠርግ ሰሞን በሆቴሉም በወፍጮ ቤቱም ሥራ ይደራረባል። ሠራተኛው «ዛሬ ታመሻለህ» የሚባለው ጋቢውን አንሥቶ ሊሄድ ሲል ነው። ደመወዝ ሲደርስ ደግሞ «መቼ አዘዝኩህ?» ይመጣል።

አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መደበኛውን ሥራ ከቀን 8፣ ከሳምንት 48 ሰዓት እንዳይበልጥ ይወስናል። ትርፍ ሰዓት በአሠሪው ግልጽ ትእዛዝ ይሠራል፤ ትእዛዙንና የተሠራውን ሰዓት መመዝገብም የአሠሪው ግዴታ ነው። ክፍያው የመደበኛው ሰዓት ደመወዝ ቀን 1.5፣ ከምሽቱ 4 እስከ ንጋቱ 12 ሰዓት 1.75፣ በሳምንት ዕረፍት 2፣ በሕዝብ በዓል 2.5 እጥፍ ነው።

እንግዲህ አሠሪዎች፣ በዋዜማው ንገሩ፤ ጻፉም። ሠራተኞች፣ ሰዓታችሁን ያዙ። በአንድ ዕድር የምንቀባበር ሰዎች በአንድ ማታ ሒሳብ አንቀያየም።