የፖስታ መርከብና የከሰል ወደብ



ዛሬ ከማኪንድዬ ወደ ኢትዮጵያ የሚላክ መልእክት በቅጽበት ይደርሳል። ቀድሞ ግን ከሕንድ ወደ እንግሊዝ አገር የሚሄደው አብዛኛው ደብዳቤ በሸራ መርከብ አፍሪካን ዞሮ እስኪደርስ ብዙ ወራት ይፈጅ ነበር።

እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በማርች 20 ቀን 1830 ዓ.ም. «ሂዩ ሊንዚ» የተባለች፥ በግራና በቀኝ ጎኗ በሚሽከረከሩ መቅዘፊያ መንኰራኵሮች የምትሄድ የእንፋሎት መርከብ ፖስታ ይዛ ከቦምቤይ ተነሣች። የከሰል ማከማቻዋ ለአምስት ቀን ተኩል ብቻ የሚበቃ ስለ ነበረ፥ በሰው ማደሪያ ክፍሎች ሳይቀር ከሰል ተጫነባት። እንዲያም ሆኖ በ11ኛው ቀን ዔደን ስትደርስ ከሰሏ ሊያልቅ ጥቂት ቀርቶት ነበር። ስዊዝ የገባችው በ33 ቀን ሲሆን፥ ከዚህ ውስጥ 12 ቀን ያህሉ ያለፈው ከሰል በመጫን ነበር።

እንግዲህ ለፖስታው መፍጠን የጐደለው የመኪና ኀይል ሳይሆን በመንገድ ላይ ከሰል የሚጫንበት ወደብ መሆኑ ታወቀ። እንግሊዞች በ1839 ዔደንን ያዙ። በ1869 የስዊዝ ካናል በተከፈተበት ወር ሩባቲኖ የተባለው የኢጣልያ የመርከብ ኩባንያ አሰብ ላይ መሬት ገዛ፤ በ1882 የኢጣልያ መንግሥት ተረከበው።

ስለዚህ የአሰብን ነገር ስናስተምር ከሽያጩ ውል ብቻ አንጀምር። የባዕድ ደብዳቤ መፍጠን ለባለአገሩ የባሕር በሩን እስከ ማሳጣት እንደሚደርስ ተማሪው ያስተውል ዘንድ፥ የዚያችን መርከብ የከሰል ችግርም እንንገረው።